ሳይተረጎሙ የቀሩት ጥያቄዎች

የልብስ መደብሩ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ እጅ ላይ ሳኒታይዘር እየረጨ ሁለት ሁለት ሰው ያስገባል። ሀሴት ማስኳን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ ሰልፉን ትቆጥራለች፣ ደግማ ትቆጥራለች።

«ምነው፣ ጉንዳን ገባብሽ እንዴ?» አለቻት እናቷ ባንቺአየሁ።

ሀሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ውስጡ ከሦስት ቀን በፊት ከፖስታ ሳጥን ያወጣችው የዚሁ መደብር ደብዳቤ አለ። እናቷ አላየችውም። ብታየውም እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም፤ ቤሪያ ሰፈር ያለው ቤታቸው የሚደርስ ወረቀት ሁሉ፣ ከኪራይ ውል እስከ ክሊኒክ ቀጠሮ፣ አማርኛ የሚሆነው በሀሴት አፍ ነው።

ዛሬ የምትተረጉመው ግን ለጎረቤታቸው ለእትዬ ኤርጎጌ ነው። እትዬ ኤርጎጌ ፎርድስበርግ ገበያ ካልሲ ይሸጣሉ። በኮሮናው ሎክዳውን ገበያቸው ሞቶ ከረመና፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሦስት ልጆች ዩኒፎርምና ጫማ መግዣ አጡ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነባቸው። ይሄኔ ነው ባንቺአየሁ በዱቤ የሚገዛበትን የመደብሩን ካርድ በኩራት አውጥታ ያሳየቻቸው። በዚህ አገር የስደተኛ ወረቀቷን አይቶ ሳያንገራግር እሺ ያላት የመጀመሪያው ቤት ይህ መደብር ስለሆነ ትወደዋለች።

ካርዱን ያወጡት ባለፈው ሰኔ፣ ከዚሁ መደብር ለሀሴት ስልክ ለመውሰድ ነበር። ትምህርቱ በስልክ ሆኖ፣ ሀሴት ስልክ ስላልነበራት ከክፍሏ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ያን ቀን ሠራተኛዋ ጠየቀች፣ ሀሴት መለሰች። ኢንሹራንስ ይጨመር? የስ። የመደብሩ ክለብ፣ ከነመጽሔቱ? የስ። አንዱን ኖ ብትል ስልኩ የሚቀርባት መስሏት ፈርታ ነበር። እናቷ ምን እንደተባለ ስትጠይቃት «ምንም አይደል፣ ፎርማሊቲ ነው» አለቻት።

ስልኩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ራንድ ነበር። ፎቅ እያጸዳች የምታድረው እናቷ በወር ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ለሰባት ወር ከፍላለች። ደብዳቤው ግን ገና አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ስምንት ይቀራል ይላል። ሀሴት ስህተት ፍለጋ ሦስት ጊዜ ደመረችው፤ የለም። ወለዱ፣ የካርዱ አገልግሎት፣ ኢንሹራንሱና ክለቡ በየወሩ መቶ ስልሳ አራት ራንድ ይወስዳሉ። መቶው የእሷ ሁለት የስ ነው። ይህን ካወቀች ወዲህ ምግብ አልወረደላትም።

ተራቸው ደረሰ። ከፕላስቲክ መከለያው ጀርባ ያለችው ሠራተኛ «ሳውቦና፣ ማማ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ የእትዬ ኤርጎጌን መታወቂያ ተቀበለች፣ ኮምፒውተሯን ነካካችና በእንግሊዝኛ ስለ ኢንሹራንሱ በጥድፊያ ጠየቀች።

«ምን አለች፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ኤርጎጌ። እስክሪብቶውን አስቀድመው ይዘውታል።

ከኋላ ያሉት ሰዎች ያጉረመርማሉ። የስ ብትል ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ኢንሹራንስ ልጨምር ወይ ነው የምትለው» አለች ሀሴት። «በየወሩ ሠላሳ አምስት ራንድ ነው። ግን ግዴታ አይደለም፤ አልፈልግም ማለት ይችላሉ።»

«እኛንማ እንዲህ ብለው አልጠየቁንም» አለች ባንቺአየሁ።

«ጠይቀውን ነበር፣ እማዬ። ስልኩን እንዳይከለክሉኝ ብዬ ሳልነግርሽ የስ ያልኩት እኔ ነኝ። ክለቡንም።»

እናቷ ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ባንቺአየሁ ካርዱን በእጇ አገላበጠች። እትዬ ኤርጎጌ እስክሪብቶውን ቀስ ብለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«በወር ስንት ነው?» አለች እናቷ በመጨረሻ።

«ሁለቱ መቶ ራንድ።»

«ማስቆም ይቻል እንደሆነ ጠይቂልኝ። የምትልሽን ሁሉ ንገሪኝ፤ አታሳጥሪው።»

ሀሴት ጠየቀች። ሠራተኛዋ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ረዘም ያለ መልስ ሰጠች። ሀሴት ወደ እናቷ ዞረች።

«ሁለቱም ከዛሬ ጀምሮ ይቆማሉ። ፎርም ትፈርሚያለሽ» አለች። እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። «እስካሁን ለሁለቱ የከፈልሽው ሰባት መቶ ግን አይመለስም።»