ወርቁን ትቶ ከፈኑን

የጠፋው ከፈን ነው። ወርቁ አልተነካም።

ኢንስፔክተር ዞኪር ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ አየ። ጥንድ የወርቅ ጉትቻ፣ የብር አምባር፣ የሟች ባል ሜዳሊያ። ሁሉም አለ። እማማ ሖሲያት ለገዛ ሞታቸው ሃያ ዓመት ያጠራቀሙት ጥቅል ግን የለም። ነጩ ከፈን፣ ሳሙናው፣ ለአስከሬን አጣቢዎችና ለመቃብር ቆፋሪዎች የሚታደለው ቁራጭ ጨርቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ታስሮ ነበር።

"ወርቅ ንቆ ከፈን የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሌባ ነው?" አለ ዞኪር። በኡዝቤኪስታኗ ኮካንድ ከተማ ውስጥ ስንት ሌባ ይዟል፤ እንዲህ ያለ ጉድ ግን አይቶ አያውቅም።

ቤተሰቡ ሰፊውን ግቢ ለቆ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሊገባ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ሲቀንሱ ከርመዋል። የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል። እማማ ሖሲያት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለዋል።

"ያለ ከፈኔ ንቅንቅ አልልም! ባዕድ ሰፈር ሄጄ በልመና ጨርቅ ልገነዝ?"

ጠዋት ግቢው የገባው አሮጌ ዕቃ ገዢው ጁማ ነበር። ዞኪር ጋሪውን አስገለበጠው።

"ሦስት ፍራሽና እግር የሌለው ወንበር ነው የወሰድኩት፣ ኢንስፔክተር! ወላሂ፣ እኔ የሞተ ዕቃ እንጂ የሞተ ሰው ዕቃ አልነካም!"

እውነቱን ነው። ምንም አልተገኘበትም።

"እሷ ናት!" አሉ እማማ ሖሲያት ምራታቸውን ሰሎማትን እየጠቆሙ። "'ለትንሽ ቤት ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል' ስትል ነው የከረመችው!"

ሰሎማት አለቀሰች። "እማማ፣ ስለ ከፈንዎ ትንፍሽ ብዬ አውቃለሁ? ሰፈሩ ይህን ከሰማ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

ዞኪር የሳጥኑን ቁልፍ መረመረ። አልተሰበረም፤ አልተጫረም።

"መክፈቻው የት ነው?"

እማማ ሖሲያት ረጅሙን ሹሩባቸውን ወደ ፊት ሳቡ። መክፈቻው ጫፉ ላይ ታስሯል። "ከዚህ ተለይቶ አያውቅም።"

"ሲታጠቡስ?"

"ጸጉሬን የምታጥበኝም የምትሠራኝም አንዚራት ናት። ትከሻዬ እንቢ ካለኝ ስድስት ዓመቴ። ትናንትም ጸጉሬ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አስቀምጣኝ..." ቀጥ አሉ። "እንዴ! የሃምሳ ዓመት ጎረቤቴን ልትጠረጥር ነው? ወግድልኝ!"

"ማንንም አልጠረጠርኩም። ጥቅሉን በቅርቡ ከፍተውት ነበር?"

"ሰኞ ዕለት። ዕቃ ይቀነስ ተብሎ የለ? አንድ ጨርቅ አወጣሁ።"

"የማንን ድርሻ?"

ድምፃቸው ወረደ።

"የአንዚራትን። ስሞት የምታጥበኝ እሷ ናት ተባብለን ነበር። አሁን ግን ከተማ ላቋርጥ ነው። በዚያ ጉልበቷ አራት ፎቅ ትወጣለች? ጨርቁን ለሰሎማት ሰጠኋት።"

ሰሎማት ራሷ ላይ ሸብ ያደረገችውን ቀይ የማርጊላን ከተማ ሐር ጨርቅ በእጇ ነካች።

ዞኪር ጎረቤት ገባ። እትዬ አንዚራት የተከመረ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳ ሲገባ ብድግ የሚሉት ሴትዮ ዛሬ አልተነሱም።

"የተቀመጡበትን ልይ?"

"ብርድ ልብስ ነው።"

"ብርድ ልብስ ሳሙና ሳሙና ይሸታል እንዴ?"

እማማ ሖሲያት በከዘራ እየተጎተቱ ከኋላው ደረሱ። "አንቺ! ከፈኔን?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ! ምን ታመጪ!" አሉ እትዬ አንዚራት። "ጨርቄን ምራትሽ ራስ ላይ አየሁት። ዕቃው ሲቀነስ እኔም አብሬ ተቀነስኩ? ማን ሊያጥብሽ ነው? የትኛው ትከሻሽ እንደሚያምሽ የማታውቅ ባዕድ? ከፈንሽ እኔ ዘንድ ከሆነ መመለስሽ አይቀርም ብዬ ነው የወሰድኩት።"

"ከሞትኩ በኋላ ምን ያመኛል፣ አንቺ ቂል!" አሉ እማማ ሖሲያት። ይህን ብለው ግን ከጓደኛቸው አጠገብ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጡ።

ዞኪር ክሱን ሊጽፍ ያወጣውን ብዕር መልሶ ኪሱ ከተተ።

እማማ ሖሲያት ወደ ምራታቸው ዞሩ። "ልጄ፣ አፉ በይኝ።" ከዚያ ወደ ጓደኛቸው። "የኔ እዚሁ ይቀመጥ። ያንቺ የት ነው ያለው?"

"የኔ ከፈን? ምን ሊያደርግልሽ?"

"አምጪው። ቀድመሽኝ እንዳታመልጪ መያዣ ነው!"

"በዚያች ጠባብ ቤት የት ልታስቀምጪው?"

"ለሱ ቦታ አይጠፋም፣ እትዬ" አለች ሰሎማት።

መኪናው ሲነሳ እማማ ሖሲያት የአንዚራትን ከፈን ጭናቸው ላይ አቅፈው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ነበር።