የጨው ሜዳው ነጠብጣብ

ከቀትር በፊት ፀሐይን ወደ ምድር ማውረድ የትርሲት የዘወትር ሥራ ነበረ። ገመዶቹን ትፈትሻለች፤ የነፋሱን አቅጣጫ ትለካለች፤ ከዚያም ከራሷ በላይ የተዘረጋውን ሌንስ ጠርዝ በመዘውር ጥቂት በጥቂት ትወጥራለች። ሌንሱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር የሚሞላ፣ ከሽንኩርት ቅርፊት የሳሳ፣ ብርሃን አሳላፊ ሸራ ነው። «መቅረዝ» የተባለችው የሰማይ መርከብ ይህን ሸራ ተሸክማ፣ ሰማዩ በቀን በሚጠቁርበት ከፍታ ላይ፣ ከጨው ሜዳው በላይ ትንሳፈፋለች። ሸራው የሰበሰበው ብርሃን በሜዳው ላይ በክብ ያርፋል። ክቡም በዝግታ እየተጓዘና እየጋለ ሄዶ በአርሆ ከተማ ዳር ወደ ቆመው እቶን ይገባል። እቶኑ የባሕርን ውኃ አፍልቶ ያጣራል፤ ከተማው ይጠጣል። ይህ ለትርሲት ተአምር አልነበረም፤ እንጀራዋ ነበረ።

የዚያ ዕለት ሥራ ግን እንደ ወትሮው አልሆነም። የአሸዋ ማዕበል ሳምንት ሙሉ ሜዳውን ሸፍኖ ስለ ሰነበተ ሌንሱ ታጥፎ ቆይቷል። በእቶኑ ቧንቧዎች ውስጥ ሙቀት የሚያጠራቅመው የቀለጠ ጨው በመጠባበቂያ ነዳጅ ሲሞቅ ሰንብቶ፣ ነዳጁ በማለዳ አልቋል። ብርሃኑ ዛሬ ካልደረሰ ጨዉ ይረጋል፤ ቧንቧዎቹም ይሰነጠቃሉ፤ እነርሱን መተካት ወራት ይፈጃል። የከተማው የውኃ ገንዳዎች ደግሞ ከወዲሁ ደርቀዋል።

«እናንተ ሰማይ ላይ ያላችሁ!» አለች የእቶኑ ኃላፊ ሐዋ በሬዲዮ። «ዛሬም ልትተኙብን ነው? ልጆቼ ባዶ ብርጭቆ ይዘው ሲከተሉኝ አረፈዱ እኮ።»

«መጣንልሽ። ክቡ መሬት ነክቷል» አሉ የመርከቧ አዛዥ ደምሰው። «ብርሃኑ በዝግታ እንጂ በሩጫ እንደማይመጣ ታውቂያለሽ።»

«እኔማ አውቃለሁ፤ ጨዉ ነው የማያውቀው።»

በመርከቧ ላይ ከደምሰውና ከትርሲት በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ደምሰው የነፋስ መለኪያውን ሲከታተሉ ትርሲት የሜዳውን ምስል ትመረምር ነበር። ምስሉን የሚያዘጋጀው «አራሚ» የሚሉት መሣሪያ ነው። ከጨዉ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተነሣ ምስል እንደሚፈላ ወተት ይናጣል። ስለዚህ አራሚው በአንድ ሰዓት ውስጥ የተነሡ ሺህ ምስሎችን ይደራርብና በሁሉም ላይ ሳይለወጥ የተገኘውን ብቻ ያስቀራል። የተቀረውን እንደ እንከን ቈጥሮ ያጠፋዋል። የሚወጣውም ምስል እንደ ታጠበ ሳሕን የጠራ ነው። በዚህ በጠራው፣ አሸዋው ባጠየመው ሜዳ መካከል፣ ክቡ በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ አንድ ነጭ ነጠብጣብ ነበረ።

«ጋሽ ደምሰው፣ ይህን አይተውታል?»

«አቧራ ነው» አሉ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ። «ሳምንቱን ሙሉ አቧራ ስንቅም ከርመን አንዲት ፍሬ ብትተርፍ ምን ይደንቅሻል?»

«በመስታወቱ ላይ ያለ አቧራ ቢሆን ካሜራውን ሳዞር አብሮ ይዞር ነበር። ይህ ግን ከመሬቱ ጋር ቀርቷል።»

«እንግዲያው ድንጋይ ነው።»

«በጨው ሜዳ ላይ ድንጋይ ከየት መጣ?»

አዛዡ ወደ ነፋስ መለኪያቸው ተመለሱ። ትርሲት ግን ተነሥታ የክፍሉን የመስኮት መጋረጃዎች አንድ በአንድ ዘጋች። በመርከቧ ወለል ላይ ቁልቁል የሚመለከት፣ በእጅ የተሞረደ መስታወት የተገጠመለት አሮጌ መነጽር ነበረ። ሌንሱን ለማስተካከል ካልሆነ በቀር ማንም አይጠቀምበትም፤ አራሚም የለውም። ክፍሉ ሲጨልም መነጽሩ የሜዳውን ምስል ገልብጦ በመካከል ባለው ነጭ ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ትርሲት በላዩ ወረቀት ዘርግታ እርሳስ አነሣች።

ይህ አሠራር ከመርከቧ እጅግ የቀደመ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል የገባ ብርሃን የውጭውን ዓለም በግድግዳ ላይ ገልብጦ እንደሚስል ሰዎች ካወቁ ብዙ ዘመን ሆኗል። በቀዳዳው ላይ የተሞረደ መስታወት ባኖሩበት ጊዜ ምስሉ ጠራ፤ ሠዓልያንም ወረቀት ዘርግተው የሕንፃን መስመር ከብርሃኑ ላይ ቀዱ። ያው መስታወት በቱቦ ሲገጠም የጨረቃን ተራሮች አሳየ። በኋላም በሠዓሊ እጅ ፈንታ ብር የተቀባ ሰሌዳ ብርሃኑን ይቀዳ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ግን ምስል ለመያዝ ረጅም ጊዜ ይፈልጉ ስለ ነበር፣ በቀን ብርሃን የተነሡ የታላላቅ ከተሞች ፎቶግራፎች ጭር ብለው ቀርተዋል። ሕንፃው አለ፤ ዛፉ አለ፤ ሰውና ሠረገላ የለም። መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ የሚሄደው ሁሉ በአንድ ስፍራ ለመታተም የሚበቃ ጊዜ ስላልቆመ ከምስሉ ጠፋ። የቆመ ብቻ ታየ።

ትርሲት ይህን በተማሪነቷ ዘመን እንደ ጨዋታ ሰምታ አልፋው ነበር። አሁን በጨለማው ክፍል ውስጥ ትዝ አላት። አራሚው ያው አሮጌ ሰሌዳ ነው። የሚቆመውን ያሳያል፤ የሚሄደውን ያጠፋል። እንግዲህ አስፈሪው ነጠብጣቡ ሳይሆን፣ በነጠብጣቡ ዙሪያ ያለው ባዶ ሜዳ ነበር።

በወረቀቱ ላይ የሚርገበገበውን ምስል ዓይኗን አጥብባ ተመለከተች። ነጠብጣቡ አለ። ከእርሱ በስተግራ ሌሎች፣ ከእርሱ ያነሱ፣ በረድፍ የተበተኑ ነጫጭ ፍሬዎች አሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገች። ጥቂት ታግሣ እንደገና ስታይ ፍሬዎቹ ምልክቶቹን ትተው ሄደዋል።

«ጋሽ ደምሰው! ይምጡና ይዩ!»

አዛዡ መጥተው በጠረጴዛው ላይ አጎነበሱ። «የጨው ነጸብራቅ ነው።»

«ጨው አይራመድም ጋሼ። የቅድሙ ስፍራቸው ይኸው፤ አሁን ያሉበት ይኸው። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው፤ ከሠላሳ ይበልጣሉ።»

ደምሰው እርሳሱን ከእጇ ወስደው ራሳቸው ምልክት አደረጉ፤ ጠበቁም። ፊታቸው ተለወጠ። «በሜዳው ላይ መሄድ ክልክል መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ…»

«ጡሩምባውን ማዕበሉ ጥሎታል።»

«እንግዲያው የጨው ሌቦች ናቸው» አሉ። «ሌንሱ ታጥፎ ሲሰነብት ጊዜ ሜዳውን ባለቤት የሌለው አደረጉት። ተመልከቺ፤ ነጠብጣቡ የጨው ክምር ነው፤ ከክምሩ ተነሥተው ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ተመልሰው ወደ ክምሩ ይመጣሉ። እያጋዙ እኮ ነው!»

ትርሲት አየች፤ በእርግጥም ይመላለሳሉ። «መንገድ የጠፋባቸው ቢሆኑስ?»

«መንገድ የጠፋበት ሰው እንደ ቀን ሠራተኛ ይመላለሳል?»

ክቡ በጠረጴዛው ጠርዝ በኩል ብቅ ብሎ እየጎላ ይመጣ ነበር።

«ትርሲት፣ እህቴ» አለች ሐዋ በሬዲዮ፤ ቀልዷ ጠፍቷል። «የት ደረሳችሁ? ቧንቧው መንጣጣት ጀምሯል።»

«ሐዋ፣ በመንገዱ ላይ ሰዎች አሉ።»

«የእኛ ሰዎች?»

«አናውቅም።»

«ከከተማው የወጣ የለም። በየትኛው ጉልበቱ?»

«ሐዋ» አሉ ደምሰው፣ «ክቡን ወደ ጎን ማዞር አይቻልም፤ ሌንሱን ብናላላው ብርሃኑ ይበተናል፤ ሰዎቹም ይተርፋሉ፤ እንደገና እስክንወጥረው ግን እቶንሽ ይረጋል። ምን ትያለሽ?»

«እኔን አትጠይቁኝ!» ድምጿ ተሰበረ። «ልጆቼን በአንድ እጄ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች በሌላ እጄ ይዤ እኔ ልፍረድ? የምታዩት እናንተ ናችሁ። የሚያይ ይፍረድ!»

የሸራውን ገመዶች የሚቆጣጠሩ ሁለት መዘውሮች በክፍሉ ግራና ቀኝ ነበሩ። ሁለቱ በአንድነት ካልተዞሩ ሸራው በአንድ ጎኑ ተጎትቶ ይቀደዳል፤ መርከቧም ትወድቃለች። ትርሲት የቀኙን ጨበጠች። ደምሰው ወደ ግራው ሄደው በአጠገቡ ቆሙ፤ አልነኩትም።

«ጋሼ፣ እባክዎ።»

«እህቴ ከነልጆቿ እዚያ ከተማ ውስጥ ናት። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ለማን ስል ነው ውኃ የምነሣት? ስማቸውን ንገሪኝ።»

«ስማቸውን ባውቅ ይቀልዎት ነበር?»

ደምሰው ወደ ጠረጴዛው ተመለከቱ። የክቡ ጠርዝ ወደ መጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ተጠግቷል። በድንገት ረድፉ ተበተነ፤ ፍሬዎቹ በየአቅጣጫው ፈረጠጡ። አብዛኞቹ ከብርሃኑ ሸሹ። አምስት ወይም ስድስት የሚሆኑት ግን ወደ ኋላ ዞረው ወደ ክምሩ፣ ክቡ ወደሚመጣበት ወደዚያው አቅጣጫ ሮጡ።

«ምን ነካቸው?» አሉ ደምሰው። «ወደ እሳቱ እኮ ነው የሚሮጡት! ለጨው ብለው? ኧረ ተመለሱ! ተመለሱ እናንተ!»

ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ጮኹ፤ የሚሰማቸውም አልነበረም። ከዚያ ሁለት እጃቸውን በመዘውሩ ላይ ጣሉ።

«ከእኔ ጋር፣ እኩል!» አለች ትርሲት።

አዞሩት። ስንት ትውልድ መስታወት ሲሞርድ የኖረው ብርሃንን ወደ አንድ ነጥብ ለመሰብሰብና ምስልን ለማጥራት ነበረ። ሁለቱ ሰዎች ያን ሁሉ ድካም እያላባቸው በእጃቸው ፈቱት። ከራሳቸው በላይ ሸራው ረገበ፤ መርከቧ ተንገጫገጨች። በጠረጴዛው ላይ የክቡ ጠርዝ ደበዘዘ፤ ሰፋ፤ ሳሳ፤ በመጨረሻም ከተራው የቀትር ፀሐይ የማይለይ ሆኖ ጠፋ።

በሬዲዮው ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ሌላም ተከተለው።

«ረጋ» አለች ሐዋ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሁለቱ በየመዘውሮቻቸው ሥር ተቀመጡ። ደምሰው «ለሌባ ስንል ከተማ አስጠማን» አሉ።

«ሌባ በእሳት ይቃጠል የሚል ሕግ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። መዘውሩን ያዞርሁት ስለዚህ ነው። ይህ ግን ለእህቴ ልጆች ውኃ አይሆንላቸውም።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሬዲዮው ተከፈተ። በመጀመሪያ የተሰማው የብዙ ሰው ጫጫታ ነበር፤ ከዚያ ሐዋ መጣች። ታለቅስ ወይም ትስቅ እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

«ሰዎቻችሁ መጡ» አለች።

«የጨው ሌቦቹ?» አሉ ደምሰው።

«የምን ሌባ ነው የምትሉት? ውኃ ይዘው ነው የመጡት!»

እያቋረጠች ነገረቻቸው። ከሜዳው ማዶ፣ በደጋው ጫፍ ያሉ መንደሮች የአርሆ ሰው ተጠማ ሲባል ሰምተው ነበር። የመኪናውን መንገድ አሸዋ ቀብሮታል። ጀሪካኖቹን በበቅሎ ጭነው ወረዱ፤ በቅሎዎቹ ግን ጨዉ ኮቴአቸውን ሲፈጃቸው በሜዳው መካከል እንቢ ብለው ተመለሱ። ሰዎቹ ጭነቱን አራግፈው፣ ከመሩት፤ ፀሐይ እንዳያገኘው ነጭ ጋቢ አለበሱት። ከዚያም እየተመላለሱ በትከሻቸው ያጋዙት ጀመር።

«ወደ ብርሃኑ የሮጡትስ?» አለች ትርሲት።

«ጀሪካኑ ላስቲክ አይደለም እንዴ? ከመቅለጡ በፊት ሊያወጡት ነዋ! ሦስቱ ጀርባቸው ተቃጥሏል፤ ሐኪም ይዟቸዋል፤ ይድናሉ ብሏል። አንዲቱን ሴትዮ፣ ለልጆቼ ስትቀዳላቸው፣ ስምሽ ማን ነው ብላት “አሁን ስም ምን ያደርግልሻል? ይልቅ አንቺም ጠጪ” አለችኝ። ነገም ይመለሳሉ። ሌሎችም መንደሮች ሊመጡ ነው አሉ። መንገዳቸውን ጠብቁላቸው።»

ከምድር ጣቢያ የአራሚው መሐንዲሶች ደውለው ስሕተቱን ጠየቁ። ትርሲት አስረዳች፤ እነርሱም ወዲያው ተረዱ። ቀላል ነው አሉ። የሚንቀሳቀሰውን እንዳያጠፋ አንድ ትእዛዝ ይጨመርለታል፤ እስከ ነገ ጠዋት ይደርሳል።

ወረቀቱ ገና በጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ቆመው የእርሳሱን ምልክቶች ተመለከቱ። እነርሱ ሰዎቹን አይተዋቸው ነበር። አካሄዳቸውን ቀድተዋል፤ ምልልሳቸውን፣ ጭነታቸውን፣ ወደ እሳቱ መሮጣቸውን ሳይቀር በገዛ ዓይናቸው ተከታትለዋል። ከተማው መጠማቱንም ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። የትኛውም መስታወት ከዚያ የበለጠ ሊያሳያቸው አይችልም።

«ሌባ አልኋቸው» አሉ ደምሰው። «አንቺ ደግሞ መንገድ የጠፋባቸው አልሽ። ለተጠማ ሰው ውኃ ይዘው ይሆናል ብለን… እንዴት ለአንዳችን እንኳ ሳይመጣልን ቀረ?»