ናፍጣ የማይጠጣው ጋሪ

«ነሲባ፣ ማን ሠራው ብለው ከጠየቁሽ የሳይንስ ክበቡ ነው በይ። ተግባባን?»

እናናየሁ ይህን ያለችው ቀይ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን በጋሪው ጎን በሽቦ እያሰረች ነበር። «በሳይንስ ክበብ አባላት የተሠራ» ይላል። ነሲባ መሪውን እንደያዘች ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከክበቡ አባላት አንዲት ብሎን እንኳ ያጠበቀ የለም። እሷም ብትሆን ነጂ እንጂ ሠሪ አልነበረችም።

«የሠሩት ጋሼ ተክለጊዮርጊስ ናቸው» አለች።

«መች አጣሁት? ሁለት ዓመት ታስረው መውጣታቸውንም አላጣሁትም። ዛሬ ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል። የሳቸው ስም ከተነሣ ጋሪውም ይባረራል፣ እኛም እንጠየቃለን። ባክሽ ፋራ አትሁኚ!»

እናናየሁ የክበቡ ሊቀ መንበር ብቻ ሳትሆን የነሲባ የልብ ጓደኛም ናት። ነሲባ ከአልዩ አምባ መጥታ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ፣ ማንም ሳያውቃት «እዚህ ነይ» ብላ አጠገቧ ያስቀመጠቻት እሷ ነበረች። ነሲባ ካርቶኑን እንዳለ ተወችው።

ነሲባ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአክስቷ ጋር የምትኖረው ደሴ መንገድ ዳር ነው። ወደ ጣርማ በር የሚወጡት ከባድ መኪኖች ማርሽ የሚቀይሩት እደጃፋቸው ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ሰፈር ነጭ ልብስ አጥቦ ማስጣት አይታሰብም። የጋሼ ተክለጊዮርጊስ ባለቤት እትዬ በሰለች ጎረቤታቸው ናቸው፤ አስም አለባቸው። ጭሱ ሲመጣ መስኮቱን ይዘጋሉ፤ መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ አየር ያጥራቸዋል። ሲብስባቸው ጤና ጣቢያ መድረሱ ራሱ ጭንቅ ነበር። መኪና ላይ እንዳይሳፈሩ የናፍጣው ሽታ ያፍናቸዋል፤ በፈረስ ጋሪ እንዳይሄዱ የፈረስ ጠረን በሽታውን ይቀሰቅስባቸዋል። አንድ ቀን አራት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ወሰዷቸው። እትዬ በሰለች መንገዱን ሙሉ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ሄዱ።

ጋሼ ተክለጊዮርጊስ ከመታሰራቸው በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበሩ። ከተፈቱ ወዲህ ቤታቸው ተቀምጠው ሬዲዮ ይጠግናሉ። ባለቤታቸው በወንበር ከተወሰዱበት ቀን በኋላ ግን ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ጀመሩ። ከአንድ የወዳደቀ ኤንትሬ የጭነት መኪና ዲናሞ ፈቱ። ሁለት አሮጌ የመኪና ባትሪ አደሱ። ጎማውን ከሞተር ሳይክል፣ ካቴናውን ከብስክሌት አመጡ። የሰፈሩ ሰው «ተክሌን እስር ቤቱ ነካው» እያለ ሲያማቸው፣ እሳቸው ሰባት ወር ሙሉ ገጠሙ፣ ፈቱ፣ ደግመው ገጠሙ።

በጥር ወር በአንድ ማለዳ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ጋሪው ወጣ። ጋሼ ተክለጊዮርጊስ ግዙፍ ናቸው፤ ዲናሞው እሳቸውንም ባለቤታቸውንም መሸከም አይችልም። ስለዚህ ቀጭኗን ነሲባን መሪ አስይዘው፣ እትዬ በሰለችን ከኋላዋ አስቀምጠው፣ እሳቸው በካፖርታቸው ከጎን ሮጡ። ከካቴናው ሽርርታ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ነሲባ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስታቆም እትዬ በሰለች ደነገጡ።

«ምነው ቆምሽ ነሲባዬ?»

«ደረስን እኮ፣ እትዬ።»

«ደረስን? እኔ እኮ ጭሱ መጣ አልመጣ እያልኩ ትንፋሼን ይዤ ነበር!»

ጋሼ ተክለጊዮርጊስ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ነሲባ ግን እንባቸውን አይታለች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው አጠገብ ቆማ አታውቅም።

ጋሪውን ለትምህርት ቤቱ ዐውደ ርእይ ለክበቡ አባላት ሲያውሷቸውም ክፍያ አልጠየቁም። «ስሜን ግን ተዉት» ነበር ያሏቸው። «ለኔ አይደለም። እናንተ እንዳትቸገሩብኝ ነው።»

የአውራጃው እንግዳ ረፋድ ላይ ደረሱ። ካኪ የለበሱ፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ሌሎቹን ሥራዎች ቆም እያሉ አለፏቸው። ጋሪው ጋ ሲደርሱ ግን ጎንበስ ብለው ከሥር ተመለከቱ።

«ቤንዚኑ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«ቤንዚንም ናፍጣም አይጠጣም፣ ጓድ» አለች ነሲባ። «ማታ ከመብራት ይሞላል፤ ቀን ይሄዳል።»

ነዳጅ በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነበርና ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እንግዳው አልሳቁም። ከኋላ ተቀመጡና «እስቲ ንጂው» አሏት። ሜዳውን አንድ ዙር ዞሩ። ሲወርዱ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ፈክቶ ነበር።

«ዲናሞ መብራት ያመነጫል እንጂ ጎማ ሲያዞር አላየሁም። እንዴት አድርጋችሁ ነው?»

እናናየሁ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። የክበቡ አባላት እርስ በርስ ተያዩ።

«ማን ነው የሠራው?» አሉ እንግዳው፣ ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው።

ጋሼ ተክለጊዮርጊስ ከሕዝቡ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ነሲባ ሆን ብላ ወደዚያ አላየችም።

«ክበቡ አይደለም የሠራው» አለች።

«ታዲያ ማን ነው?»

የሳቸውን ስም መጥራት የሷ ፋንታ አልመሰላትም። እናናየሁ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«እኔ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ጋሼ ተክለጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን አውልቀው በተማሪዎቹ መካከል መጡ። ማንንም ሳያዩ ዲናሞው አጠገብ በርከክ አሉና ማስረዳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቃል እየቆጠቡ ነበር። ስለ ሽቦው አጠማዘዝ ሲናገሩ ግን እጃቸውም ቃላቸውም ተፍታታ። እንግዳውም ካኪያቸውን ሳይሳሱለት አፈሩ ላይ ተንበረከኩ።

በመጨረሻ ተነሥተው ደብተራቸውን ገለጡ። «ሙሉ ስምዎ?»

በዚያ ዘመን ስም ሲጻፍ ለሽልማት ይሁን ለሌላ ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

«ተክለጊዮርጊስ ደስታ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ነሲባ ከጋሪው ወረደች። ሄዳ ከጋሼ ተክለጊዮርጊስ ጎን ቆመች።

«የኔንም ይጻፉ፣ ጓድ» አለች። «ነሲባ ዓወል። ነጂዋ።»