የአባባ ጣት

እንቅልፌ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ስሟ ሌላ ነው፤ ዓይኗን ገልጣ ስለምታልም ግን ቤተሰቡ ሁሉ እንቅልፌ ይላታል። ከእናቷና ከወንድ አያቷ ጋር፣ ፀሐይ በአንድ መስኮት ብቻ በሚገባበት ቤት ትኖር ነበር።

አያቷ ግንበኛ ነበሩ። አርባ ዓመት ድንጋይ ተሸክመው ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። ሲሚንቶው ደግሞ ጣቶቻቸውን አደነዘዛቸው። ሙቅና ቀዝቃዛ አይለዩም። ግቢውንም በጎልማሳነታቸው ራሳቸው ሲሚንቶ አልብሰውታል። አንዲት ቅጠል የሚያበቅል አፈር አልተረፈም።

ብርዱ አልፎ ፀደይ ሲገባ፣ አንድ ጋሪ ነጂ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ አምስት እስር ጭድ አራገፈላቸው።

«አባባ፣ አህያ ገዛን እንዴ?» አለች እንቅልፌ።

«አህያዋማ አንቺ ነሽ። ውሃ የሚያመላልሰው ማን ሆነና?»

ጭዱ የአትክልት መደብ ሊሆን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ከፍታው ይመቻል። ውሃ ያጠጡታል፤ ማዳበሪያ ይበትኑበታል። ያኔ ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል፤ ሲበሰብስም ይግላል። ግለቱ ሲበርድ ችግኝ ይተከልበታል። ሳይበርድ ከተተከለ ግን ሥሩ ይቀቀላል።

«የኔ ጣት ሞቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ጣቴ አንቺ ነሽ» አሏት አያቷ። «በየጠዋቱ ጣትሽን ወደ ጭዱ ውስጥ አስገቢና መብረዱን ንገሪኝ።»

መስኮቱ ላይ አሥራ ሁለት የቲማቲም ችግኞች በጣሳ ተደርድረዋል። ሟች ሴት አያቷ በወረቀት ጠቅልለው ካስቀመጡት ዘር የበቀሉ ናቸው። ሌላ ዘር የለም።

ጠዋት ጠዋት ከጭዱ ቀጭን እንፋሎት ይነሣ ነበር። እንቅልፌ ጉንጯን አስደግፋ ትሰማዋለች። የተኛ ትልቅ እንስሳ የሚተነፍስ ይመስላታል። በእንፋሎቱ ውስጥ ቅጠሎቹ ጣሪያ ሲነኩ፣ ቲማቲሞቹ እንደ ትንንሽ ፋኖስ ሲቀሉ፣ እሷም ከሥራቸው ስትሄድ ይታያታል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጣቷን አስገባች። ጭዱ አሁን ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ትኩስ ነው።

«እህሳ፣ ጣቴ?» አሉ አያቷ ከወንበራቸው።

እንቅልፌ ጣቷን ከኋላዋ ደበቀች። በሕልሟ እኮ ቲማቲሙ ቀልቷል!

«በርዷል፣ አባባ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ። ቀዝቃዛ ነው።»

አያችሁ ልጆች? ጣቷ እውነቱን ነግሯታል። እምቢ ያለው አፏ ነው።

አያቷ እያንጎራጎሩ ተከሉ። ዘጠነኛው ላይ ክንዳቸው ዛለ። «ሦስቱ ይቆዩኝ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ዘጠኙም እንደ ረጠበ ክር ተኝተው ተገኙ።

አያቷ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «አተካከሌ ነው የገደላቸው። ይኼ እጅ ለምንም አይሆንም» አሉ። ከዚያም ለእናቷ፣ «የቀሩትን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ስጫት። እኔ ከእንግዲህ ችግኝ አልነካም» አሏት።

እንቅልፌ ወደ ግቢ ወጣች። ጣቷን አስገባች። አሁንም ትኩስ ነው። በእነዚያ ቀናት ስትጸልይ «አምላኬ፣ አባባን ጠብቅልኝ» ከሚለው ስትደርስ ድምፅዋ ይጠፋ ነበር። አሁን ግን እየሮጠች ተመለሰች። እናቷ ጣሳዎቹን ይዛ በሩ ላይ ደርሳለች።

«እማዬ፣ ቆይ! አባባ፣ እጅዎ አይደለም። ጣትዎ ነው የዋሸው።»

«ምን?»

«ትኩስ ነበር። እያወቅኩ ነው በርዷል ያልኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

አያቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«ሦስት ቀን ሙሉ ይኼን ይዘሽ ነው የዞርሽው?»

«አዎ።»

«ከብዶሽ ነበር?»

«በጣም» ብላ አለቀሰች።

«ተቆጥቻለሁ። እኔም አልዋሽሽም።» ከዚያ እጃቸውን ደግመው አዩት። «እንግዲያው ይኼ እጅ ደኅና ነዋ» አሉ በቀስታ። «ጣሳዎቹን መልሽያቸው» አሉ ለእናቷ። ወደ እንቅልፌም ዞረው፣ «ነገ ጠዋት ጭዱን ነክተሽ ንገሪኝ» አሏት።

«አሁንም እኔ?»

«ሌላ ጣት አለኝ እንዴ?»

በማግስቱ «ትኩስ ነው፣ አባባ» አለች። በሦስተኛው ቀን፣ «ለብ ብሏል፤ ግን ገና ነው።» ማለሟን አልተወችም። ሕልሟን ግን ጭዱ እስኪበርድ እንዲጠብቅ አደረገችው። በሰባተኛው ቀን አምስቱንም ጭዶች አንድ በአንድ ነካች። ውስጣቸው ጥላ ሥር እንዳለ አፈር ቀዝቅዟል።

«በርዷል፣ አባባ።»

አያቷ «እርግጠኛ ነሽ?» አላሏትም። ችግኝ ለማንሣት እጃቸውን ዘረጉ።

ሦስቱ ችግኞች አደጉ። የመጀመሪያው ቲማቲም ሲቀላ አያቷ ዘሩን አደረቁት፤ በወረቀትም ጠቅልለው ለእንቅልፌ በእጇ ሰጧት።

ልጆች፣ ሰው ሲያምናችሁ ያያችሁትን እንጂ የተመኛችሁትን አትንገሩት፤ ከዋሻችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ እውነቱን ተናገሩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይላልና።