የእንግዳ ጠላት

ፍቅር የሚሳፈርበትን መኪና አያማርጥም። ቢያማርጥ ኖሮ ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ በሚያዘግመው፣ ዳገት ባየ ቁጥር በሚያስነጥሰው አውቶቡስ አይመጣም ነበር።

የኔነሽ መካነ ኢየሱስ ሒሳብ የምታስተምር የጋይንት ልጅ ናት። ያን ዕለት አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አራስ ልጅ እንደታቀፈ አባት ይሳሳለታል። ረዳቱ «ጣሪያ ላይ ልጫነው» ቢለው፣ «እኔን ጫነኝ፤ እሱን ተወው» አለው።

«ዓሣ ነው?» አለች የኔነሽ፣ ሳታስበው ካፏ አምልጧት።

«ፀረ እንግዳ አካል ነው።»

«እኔስ ዓሣ ዓሣ አልሸተተኝም» ብላ ወደ መስኮቱ ዞራ ሳቀች።

ክንዱ ይባላል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። የጠየቁትን በአጭሩ መመለስ አያውቅበትም።

«ሰውነታችን ውስጥ ያለ ሴል ሁሉ የመሞቻ ጊዜ አለው» አላት። «አንድ ፕሮቲን ደግሞ አለ፣ ሞትን ደጅ ላይ ቆሞ የሚከለክል። ልክ ሲሆን ደግ ነው። ሲበዛ ግን ሴሉ ቀኑ ደርሶም አልሞትም ይላል፤ አልሞትም ያለው እየተራባ ካንሰር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይኼ የያዝኩት ያንን ፕሮቲን ፈልጎ የሚጣበቅ ነው። ከበሽተኛው በተወሰደች ስስ የሥጋ ቁራጭ ላይ ስናደርገው፣ ፕሮቲኑ ካለ ቡኒ ቀለም እናይበታለን። ሐኪሙ መድኃኒት ሲመርጥ ይረዳዋል።»

የኔነሽ ፕሮቲኑን ትስማ፣ ዓይኑን ትይ፣ እሷም አታውቀው።

መንገድ አጋማሽ ላይ አውቶቡሱ ጢሱን ለቅቆ ቆመ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ክንዱ ሣጥኑን ከፍቶ አየና ፊቱ ተለወጠ፤ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል።

«ከሞቀ ተበላሸ ማለት ነው። የሚጠብቁት ሰዎች አሉ።»

የኔነሽ ነጠላዋን ይዛ ከመንገዱ በታች ወዳለው ወንዝ ወረደች፤ ነክራ መጣችና ሣጥኑን ጠቀለለችው። «ነፋስ ወዳለበት ጥላ ውሰደው። እንስራ ላቡን ነፋስ ሲመታው አይደል የሚቀዘቅዝ?»

ጥላው ሥር ተቀመጡ። ነጠላው ሲደርቅ ትነክራለች፣ ስትመጣ ይነሣላታል። መጨረሻ ላይ «ስምሽን እንኳ አልጠየቅኩሽም» አለ።

«የኔነሽ። የሒሳብ መምህርት ነኝ።»

ክንዱ ባወቃት በግማሽ ቀኑ እንዲያ ብሎ ሊጠራት አፈረ። «መምህርት» አላት።

ሲለያዩ ቁጥሯን ሰጥታው ነበር፤ በማግስቱ ስልኳ ጮኸ። «ቡኒ ወጣ፣ የኔነሽ፤ መሞከሪያው ላይ እንደ ቡና ቁጭ ብሎ አየሁት። አልተበላሸም፣ የኔነሽ። ሰማሽ፣ የኔነሽ?»

ስሟን ለምን እንዲያ ደግሞ ደጋግሞ እንደጠራት ለማወቅ የሒሳብ መምህርት መሆን አያስፈልግም።

ገብሱ ሲታጨድ ክንዱ ሽማግሌ ላከ። የየኔነሽ አባት መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ናቸው፤ የሳቸው እሺታ የሌለበት ጋብቻ ለሷ ጋብቻ አይደለም። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የክንዱ አጎት አያ ዋለ ነበሩ። አያ ዋለ ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው መንገድ ላይ ቃል መጣላቸው ነው። «ፀረ እንግዳ አካል» ብሎ ልጁ ያስጠናቸውን ይዘው ወጥተው፣ ጋይንት ሲደርሱ «አካል» የለም።

«የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ፀረ እንግዳ ነው» አሉ አያ ዋለ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

«ፀር ማለት ጠላት ነው፣ ዋለ።»

«አዎ፣ እሱኑ ነው። የተማረበት ነው።»

መሪጌታ ጭራቸውን አስቀመጡ። «አብርሃም ሥላሴን የተቀበለ በእንግድነት ነው። ልጄን ለእንግዳ ጠላት አልድርም።»

የኔነሽ ጓዳ ሆና ሰማች። መሳቅም ማልቀስም አማራት። ወጥታ አባቷን ማረም ነውር ነው፤ ስለዚህ ወደ ክንዱ ደወለች። «ና።»

«አልድርም ተብዬ ተመልሼ የለም እንዴ?»

«የተመለስከው ሙሽራ ሆነህ ነው። አሁን የእግዜር እንግዳ ሆነህ ና።»

ክንዱ መጣ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አቧራ ለብሶ ደጁ ላይ «ቤቶች» አለ። መሪጌታ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው አስገቡት፤ ማን ነህ ሳይሉ እግሩን በእጃቸው አጠቡት፤ አበሉት፤ አጠጡት። ከዚያ ነው «ልጄ፣ በምን ትተዳደራለህ?» ያሉት።

ጓዳ ውስጥ የኔነሽ ጆሮዋን ወደ መጋረጃው አስጠጋች።

«በፀረ እንግዳ አካል ነው የምሠራ፣ አባቴ።»

መሪጌታ ያጠቡትን እግር አዩ፣ ፊቱን አዩ። «ዋለ የመጣልህ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ይፍቀዱልኝና ላስረዳዎ።»

አስረዳ፤ እንደ ልማዱ አስረዝሞ። ስለ ሴሉ ቀጠሮ፣ ሞትን ስለሚከለክለው ፕሮቲን፣ ስለ ቡኒው ቀለም። «የኛው ፀረ እንግዳ አካል አያባርርም፣ አይገድልም። ከሺሁ መሐል ያን አንዱን ለይቶ ይይዘዋል፤ እኛ እናየዋለን።»

መሪጌታ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ «አዳም እንኳ ቀኑ ሲደርስ ሞቷል። አልሞትም ያለ ቤት ያፈርሳል» አሉ። «አንተ የምትለው ግን እንግዳ ሲመጣ ማንነቱን የሚያውቅ ደጅ ጠባቂ ነው። ጠላት ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ቅኔ ቤት አልዋለም።»

ከዚያ ተነሡ። «ስማ፣ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እንግዳ አይደለህም።»

ክንዱ ፊቱ ዓመድ መሰለ። የተባረረ መስሎት ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

የኔነሽ ነውሩንም ረሳችው፤ ከጓዳ ወጥታ ጫማውን ካጁ ቀማችው።

«ተቀመጥ አንተ» አለችው፣ ሳቋ እየቀደማት። «ቤተኛ ሆነሃል ማለታቸው ነው።»