ጀውሃ ለቅሶ የደረስን ቀን

ጅን አየሁ፣ ሙት ጠራኝ የሚል ሰው ሲያወራ እኔ በሆዴ የምስቅ ነኝ፣ ዛሬም እስቃለሁ፣ ግን ጀውሃ ለቅሶ የደረስን ቀን ያጋጠመኝን ስነግርህ አንተ አትሳቅ። ያኔ ከኦጋዴን ተመልሰን ሸዋ ሮቢት የመንግሥት እርሻ ላይ ዘበኛ ሆነን ነበር፣ እኔ፣ አስር አለቃ ደምሴና ታፈሰ። ጠጅ ቤት ስንገባ ሰው ተነስቶ የሚያስቀምጠን፣ «አንድ ምሽግ፣ አንድ ነፍስ» እያልን የምንፎክር ጀግኖች። ጀግንነታችን ምን መሰለህ፣ አራተኛችን ኡመር እግሩን ተመቶ ሲወድቅ ግራር ሥር ጥለነው ሸሸን፣ የውሃ ኮዳውንም ከወገቡ ፈትተን ወሰድንበት። የፈታሁት እኔ ነኝ።

ደምሴ አንድ ቀን፣ የኡመርን እናት ለቅሶ ሳንደርስ ብንቀር ሰው ምን ይለናል አለ፣ ያሳሰቡት እሳቸው እንዳይመስሉህ። ጀውሃ ከቀትር በኋላ ደረስን። እማማ ዘሃራ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፣ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ በር ላይ ተገናኘን፣ እንስራውን ታፈሰ ራሱ ከጀርባቸው ተቀብሎ በሩ ሥር አስቀመጠላቸው፣ እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

ደምሴ ገና ከመቀመጡ ጀመረ፣ ኡመር እጁ ላይ እንዳረፈ፣ በእጃችን እንደቀበርነው፣ ደረቅ ዓይኑን እየጠረገ። ታፈሰ እንደ በግ ራሱን ይነቀንቃል። ይኼኔ ቤቱን ለሁለት ከከፈለው መጋረጃ ጀርባ የተጠማ ሰው ውሃ ሲውጥ የሚያሰማው የጉሮሮ ድምፅ መጣ፣ እመነኝ፣ ሦስታችንም ሰምተናል፣ ከዚያ ደረቅ ሳል። ደምሴ ውሸቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ።

እማማ ዘሃራ አላለቀሱም። «ልጆቼ፣ አትድከሙ» አሉ። «እሱ ቀድሞ ነግሮኛል።»

ታፈሰ፣ የነገራቸው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«ኡመር ነዋ። ከመጣ ሰነበተ። ብዙ አያወራም፣ ውሃ ብቻ ይጠጣል። አትቆጫቸው ብሎኛል፣ ወላሂ አልቆጣም።» አንድ በአንድ አዩን። «ኮዳውን የፈታው ግን የትኛችሁ ነው?»

እኔ ዓይኔን ደምሴ ላይ ተከልኩ፣ እሱ ታፈሰ ላይ፣ ታፈሰ መሬቱ ላይ። የአንድ ምሽግ ወንድማማችነት ይኸው ነው።

ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት። የተጠቀለለ ምንጣፍና ግድግዳ፣ በር የለው፣ መስኮት የለው። ዞር ስል እንስራው ባዶ ነበር። መሬቱ ላይ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም፣ አጠገቡም ማንም አልደረሰም። እሳቸው ምንም ሳይገርማቸው አነሱት።

«እንግዲህ ደግሜ ልቅዳ» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሦስታችን አብረን አልተቀመጥንም። ደምሴ ሙቀቱ አልተስማማኝም ብሎ ደብረ ሲና ወጣ፣ እሳት ውስጥ ያደገ ሰው ሙቀት ፈራ።

ከዓመት በኋላ በጭነት መኪና በጀውሃ ሳልፍ ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። የእማማ ዘሃራ ቤት ተዘግቷል። ጎረቤታቸውን ብጠይቃት ልጃቸው መጥቶ ካራቆሬ ወሰዳቸው አለችኝ።

«የትኛው ልጅ?»

«አንድ አይደል እንዴ ያላቸው፣ ወታደሩ ነዋ።»

ሙት ከሆነ ሙት ነው፣ በሕይወት ካለ ግን ምን ልበለው? መልኩ ምን እንደሚመስል ልጠይቃት ይገባ ነበር፣ ካራቆሬም ሩቅ አይደለም። እኔ ግን መኪናው ላይ ዘልዬ ወጣሁና ሾፌሩን «ንዳ» አልኩት።