በእጅ የሚሞላ ሰዓት

የኮምፒውተሩ ሰዓት እንደገና ወደኋላ ተመለሰ። ፍንጭት ውሃ ጠጥታ እስክትመለስ እንኳ አልታገሣትም። ልክ አድርጋ ሞልታው የወጣችው ሰዓት ሦስት ሰዓት ሙሉ ሸርተት ብሎ፣ ተማሪው ወደ ቤቱ ለመሄድ ቦርሳውን በሚሸከምበት ጊዜ እሱ ገና ምሳ ላይ ቁጭ ብሏል።

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለ ሎጋው ከጀርባዋ፣ እግሮቹን ወንበር ላይ ሰቅሎ።

«ዝም በል፤ ጨጓራዬን አትላጠው።»

ሎጋው የልብ ጓደኛዋ ነው። ለእሱ ስም ያወጣለት ቁመቱ ነው፣ ለእሷ ደግሞ የፊት ጥርሶቿ። ሁለቱም በእውነተኛ ስማቸው የሚጠሩት የፈተና ወረቀት ሲታደል ብቻ ነው። ዛሬ አብረው ወደ ቤት ሊሄዱ ተቀጣጥረው ነበር፤ ነገር ግን የኮምፒውተር መምህሩ ፍንጭትን ከበር ላይ አስቀሯት።

የኮምፒውተር ክፍሉ ዋና ማሽን የተማሪው ሥራ ሁሉ የሚጠራቀምበት ነው። ማውዝ የለውም፤ የሚታዘዘው ጥቁር ስክሪን ላይ በሚጻፍ ትእዛዝ ብቻ ነው። መምህሩ ቅዳሜ ዕለት ሲስተሙን ከስር ከመሠረቱ አዲስ ጫኑበት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ወደኋላ ቀረ። ተማሪው ሰኞውኑ መቀለጃ አደረገው። አርፍዶ የመጣ ሁሉ «እኔ የምሄደው በዋናው ኮምፒውተር ሰዓት ነው» ይል ጀመር። መምህሩ ግን ሥራ በዝቶባቸው የነቁት ገና ዛሬ ነው።

«አንቺ ትእዛዝ መጻፍ ትወጃለሽ» አሏት። «ሰዓቱን አስተካክዪውና የውድድሩን ሥራዎች ዝርዝር አትመሽ ቢሮ አምጪልኝ። ፈርሜ ነገ እልከዋለሁ።»

ከትምህርት ቤቱ ለከተማው ውድድር የሚላኩት አራት ሥራዎች ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዱ የፍንጭትና የሎጋው ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ የትኛውን መጽሐፍ ለማን እንዳዋሰ የሚያስታውስ ፕሮግራም። እሱን ስትሠራ ወር ሙሉ ከኮምፒውተር ሥር አልተነሣችም። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ከስፌት መኪናቸው ቀና እያሉ «አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ዕቃ ጋር ተጋባሽ ወይ?» ይሏት ነበር። ሎጋው ደግሞ ስዕሎቹንና ቀለሙን ሠርቷል፣ ማክሰኞ እሷ ጥርስ ሐኪም ቤት ስለነበረች ሥራውን ዋናው ማሽን ውስጥ ያስገባውም እሱ ነው። ደንቡ አንድ ነበር፤ ማክሰኞ የምሳ ደወል ከተደወለ በኋላ የመጣ አይገባም።

ፍንጭት ወንበሯን ጎትታ እንደገና ጻፈች። date የምትለዋን ትእዛዝ ከነትክክለኛው ሰዓት ሰጠችው። ማሽኑ እሺ ብሎ ተቀበለ። ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ፣ እያየችው፣ ወደኋላ ተመለሰ።

«አየኸው? አየኸው እንዴት እንደሚንቀኝ?»

«እኔ የማየው አንቺን ነው። ከግዑዝ ዕቃ ጋር ትጣያለሽ።»

ሌላ ትእዛዝ ሞከረች። timedatectl የሚባለው የሰዓቱን ነገር ሁሉ የሚያዝ ነው፤ በእሱ በኩል ሰዓቱን ልትሞላ ስትል ማሽኑ ጭራሽ እምቢ አለ። ትክክለኛውን ሰዓት ራሱ ከኔትወርክ እየሳበ ስለሆነ በእጅ አይነካም። ይኼኔ ደሟ ፈላ። ትክክለኛውን ሰዓት የሚስብ ማሽን እንዴት የተሳሳተ ሰዓት ያሳያል? የቁልፍ ሰሌዳውን በመዳፏ መታችው፤ ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት ተንጋጉ፤ እነሱንም እየተነጫነጨች አጠፋች።

«ተይው በናትሽ» አለ ሎጋው። «ከኔትወርክ የሚስበውን ነገር አጥፊውና በእጅሽ ሙዪው። አለቀ። ርቦኛል።»

«በእጅ ከተሞላ በየሳምንቱ ይዛነፋል። በየሳምንቱ አንተ መጥተህ ልታስተካክል ነው?»

«ቢዛነፍስ? ከአሁኑ አይብስ።»

«ከእጅ አይሻል ዶማ» አለችና ወደ ስክሪኑ ዞረች። ተበሳጭታለች፤ መሸነፍን ደግሞ አጥብቃ ትጠላለች።

በዚህ ጊዜ ምንም ሳታዝ timedatectl ብላ ብቻ ጻፈች። ማሽኑ ስለ ሰዓቱ የሚያውቀውን መስመር በመስመር ዘረገፈው። መጀመሪያ በችኮላ አለፈችው፤ ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች እንደገና አነበበች። የአካባቢው ሰዓትና የዓለም አቀፉ ሰዓት አንድ ዓይነት ናቸው። ከሥሩ የሰዓት ክልል የሚለው መስመር ላይ የተጻፈው የእነሱ አገር አይደለም፤ ያው ከእነሱ በሦስት ሰዓት ወደኋላ የሚቀረው የዓለም አቀፉ ነው። መምህሩ ሲስተሙን ሲጭኑ ማሽኑ «የት ነው ያለሁት?» ብሎ ሲጠይቃቸው ዘለውት አልፈዋል ማለት ነው።

«ሰዓቱ አልተሳሳተም» አለች ቀስ ብላ። «ያለበትን አገር ነው የማያውቀው።»

የሰዓት ክልሎቹን ዝርዝር አስወጣች። የዓለም ከተማ ሁሉ ተሰልፎ ወረደ፤ ከመካከላቸው የዋና ከተማቸውን ስም ፈልጋ አገኘች። set-timezone ብላ ስሙን አስከትላ ሰጠችው። ሰዓቱ አንድ ጊዜ እመር ብሎ ከግድግዳው ሰዓት ጋር እኩል ቆመ። ጠበቀች። ወደኋላ አልተመለሰም። ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን ተሽከረከረች።

«አንቺ አንደኛ ነሽ» አለ ሎጋው ተነሥቶ ቦርሳውን እያነሣ። «አትሚውና እንውጣ።»

የውድድሩን ፋይሎች ዝርዝር ስክሪኑ ላይ አወጣች። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የገባበት ቀንና ሰዓት አለ። የሌሎቹ ሦስቱ ሰኞ ዕለት የገቡ ናቸው። የእነሱ ማክሰኞ ነው፤ ሰዓቱ ግን ከምሳ በኋላ፣ የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ከተጀመረም ቆይቶ ነው።

ፍንጭት ደነገጠች። ትናንት መምህሩ አራቱን ሥራዎች ሲያስታውቁ ዝርዝሩን አይታው ነበር፤ የእነሱ ከምሳ ደወል በፊት ይል ነበር። ሰዓቱን ስታስተካክል ሌላ ነገር ያበላሸች መሰላት። ለማረጋገጥ ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ራሷ የጻፈችውን ማስታወቂያ ፈለገች። ማሽኑ ያኔ ጎህ ሳይቀድ የተጻፈ አድርጎት ክፍሉ ሁሉ ስቆባት ነበር። አሁን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው የሚያሳየው። ማሽኑ ምንም አልተበላሸበትም። እያንዳንዱ ነገር የተደረገበትን ቅጽበት ድሮም ይዞታል፤ አሁን ገና በአገሩ ሰዓት አነበበው።

«ሎጋው።»

«አቤት።»

«ማክሰኞ መቼ ነው ያስገባኸው?»

«ነገርኩሽ አይደል እንዴ? ከደወል በፊት።»

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። አነበበ። ቦርሳውን ከትከሻው አወረደው።

«ኳስ ነበር» አለ በመጨረሻ። «የሒሳብ ቲቸር ቀርተው ነጻ ክፍለ ጊዜ ነበረን፤ በምሳ ሰዓትም ቀጠልን። አንድ ለአንድ ነበርን… ረሳሁት። ትዝ ሲለኝ ሮጬ መጣሁ። ስደርስ ስክሪኑ ገና ረፋድ ነው ይላል። ማሽኑ አላረፈድክም ካለኝ እኔ ምን ላድርግ?»

«ለእኔስ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ትናደጃለሽ ብዬ።»

«አሁን ያልተናደድኩ መሰለህ?»

ሎጋው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ፣ አታካብጂው። ክልሉን እንደነበረ መልሺው፣ ያንን ከኔትወርክ የሚስበውን አጥፊና በእጅሽ ሙዪው። ሰዓቱ ልክ ይሆናል፣ የድሮው ደግሞ እንደነበረ ይቀራል። ቲቸር እንደሆኑ አይተው አጽድቀውታል። ማንም አይጎዳም። ሥራው እኮ ያንቺ ነው ፍንጭት። ወር ሙሉ የለፋሽበት።»

የተናገረው ሁሉ ትክክል መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ማሽኑ እንዳለው ይታዘዛል፤ ሦስት ትእዛዝ ብቻ ነው። ልፋቱም የእሷ ነው። ኳስ የተጫወተው ሌላ፣ የሚቃጠለው የእሷ ወር። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ማንም አይጎዳም ሲል ግን ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ዝምተኛዋ ልጅ በሐሳቧ መጣችባት። ማክሰኞ እቤቷ መብራት ጠፍቶ ሥራዋን የጨረሰችው ጎረቤት ሄዳ ነው። የምሳ ደወል ገና ተደውሎ ሳያበቃ ደረሰች፤ ኮሪደር ላይ መምህሩን አግኝታ «ትንሽ አርፍጃለሁ» አለቻቸው። ይህን ሳትናገር ገብታ ብታስገባ ኖሮ ማንም አያውቅባትም ነበር። መምህሩ ደንብ ደንብ ነው አሉ፤ ፍላሿን ኪሷ ከትታ ተመለሰች። በማግስቱ ፍንጭት ራሷ እያጽናናቻት «ምን ይደረጋል፣ ደንብ ነው» ብላታለች። ልጅቷም «ልክ ነሽ» ነበር ያለቻት።

ፍንጭት የመጀመሪያውን ትእዛዝ ጻፈች፤ ክልሉን ወደነበረበት የሚመልሰውን። ሎጋው ትንፋሹን ለቀቀ። የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ፊደሎቹን ከመጨረሻው ጀምራ አንድ በአንድ አጠፋቻቸውና exit ብላ ጻፈች።

«ምን አደረግሽ?»

«ወጣሁ።» ሰዓቱን መንካት የሚችለው የመምህሩ የይለፍ ቃል ያለው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ቅድም ራሳቸው አስገብተውላት ነው የሄዱት። አሁን ብትፈልግም አትችልም። ዝርዝሩን እንዲታተም አዘዘችና ፕሪንተሩ እያጓራ ወረቀቱን እስኪተፋ እጇን አጣምራ ቆመች።

«እንዲህ ነሽ እንዴ?» አለ ሎጋው፤ ድምፁ ተሰብሯል።

«እኔንስ እንዲህ ነህ እንዴ ያሰኘኝ ማን ነው?»

ወረቀቱን አነሣች፤ ገና ትኩስ ነው። ስማቸው ያለበትን መስመር አንድ ጊዜ አነበበችው፣ ድጋሚ ላታየው አጠፈችው።

«ቢሮ ልወስደው ነው። ያረፈድከውን አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ ከወረቀቱ ያንብቡት?»

ሎጋው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ጀመር። ፍንጭት ቦርሳዋን ተሸከመች፣ በሩን ከፈተች። ንዴቷ አልበረደላትም፤ ነገም የሚበርድላት አይመስላትም። ቢሆንም በሩን ለቅቃ አልሄደችም። እሱ እስኪነሣ ድረስ በእጇ ይዛለት ቆመች።